ፀሐይ የማይችል ቆዳ፦ ስለ ኤክስፒ ጎጃም ውስጥ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

ሙሉ ስሙ ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ነው፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኤክስፒ ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን።

ኤክስፒ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

የፀሐይ ጨረር የሁላችንንም ቆዳ በየቀኑ ይጎዳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ባለው የዘር መመሪያ፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ ነው። ጤነኛ ሕዋስ የተበላሸችውን ቁራጭ ቆርጦ ያወጣና በአዲስ ይተካታል። ሸማኔ ድር ሲበጠስበት ቀጥሎ ሥራውን እንደሚገፋው ነው። ኤክስፒ ያለበት ሰው ላይ ግን ይህ ጥገና አይሠራም፤ ቢሠራም በጣም ደካማ ነው። ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄድና ቆዳው ገና በልጅነት ያረጃል፣ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ውሎ አድሮም ካንሰር ይጀምረዋል።

በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገቡት ቪየና የነበሩት ሐኪሞች ፈርዲናንድ ፎን ሄብራና ሞሪትዝ ካፖሲ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1870ዎቹ ነበር። ምክንያቱ የዲኤንኤ ጥገና መጓደል መሆኑን ጄምስ ክሊቨር ያሳየው ግን በ1968 ነው። ጥገናው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ የደረሰበት አዚዝ ሳንጃር በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተጋርቷል።

ብዙ ሰው ላይ አለ?

የለም፣ ብርቅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚሊዮን ሰው አንድ ገደማ ይገኛል። በጃፓን ከ22,000 ሰው አንድ ያህል ነው። ሰሜን አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ውስጥም ከአውሮፓ ይልቅ ይበዛል። ብርቅ ስለሆነ የጤና ባለሙያው ራሱ በሥራ ዘመኑ አንድም ልጅ ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያያችሁትን በደንብ መናገራችሁ ትልቅ እገዛ ነው።

ልጃችን ይህ እንዳለበት በምን እናውቃለን?

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው ሕፃኑ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። እናት ጠዋት ልጇን ቅባት ቀብታ በረንዳ ላይ ታሞቃለች። ሌላው ሕፃን ይተኛል። ኤክስፒ ያለበት ግን ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ ቢገባ እንኳ በማግስቱ ፊቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ለመዳንም ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

እንዲህ የሚቃጠሉት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ምንም ሳይቃጠሉ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ፊታቸው፣ አንገታቸውና የእጃቸው ጀርባ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያወጣሉ። በመሃሉ ነጣ ያሉ ነጥቦችም ይታያሉ፤ ቆዳውም ደርቆ ይሻክራል። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባችሁ እዩት። ልብስ የሚሸፍነው ክንዱ ልስልስና አንድ ወጥ ሆኖ፣ ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ ያለው ዝንጉርጉር ከሆነ ያ መስመር ብዙ ይናገራል። ዓይኑ ብርሃን የሚሸሽ፣ የሚቀላና ሁልጊዜ የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

እኔ ብጠየቅ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከጠረጠራችሁ ምርመራ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ልጁን ዛሬውኑ ከፀሐይ አስገቡት። ጥርጣሬያችሁ ቢሳሳት ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ልክ ከሆነ ግን የተረፈችው እያንዳንዷ ቀን ዕድሜው ላይ ትጨመርለታለች።

ምች አይደለም እንዴ?

ፀሐይ መትቶት ከንፈሩ ውኃ ሲቋጥር፣ ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰው «ምች ነው» እንላለን፤ ዳማከሴም እናሻለን። ከንፈር ላይ የሚወጣው የተለመደው ምች በቫይረስ የሚመጣ ነው። በሳምንት ሁለት ሳምንት ይድናል፣ ሲመለስም እዚያው ቦታ ይመለሳል። ኤክስፒ ግን ፀሐይ ያየውን ቦታ ሁሉ ይነካል። ልጁ ፀሐይ ላይ በወጣ ቁጥር ይመለሳል፤ ሲድንም ነጠብጣቡን ትቶ ነው። ልጃችሁን በየሳምንቱ ምች የሚመታው ከሆነ ነገሩ ምች ላይሆን ይችላልና አስመርምሩት። ደግሞ የተላጠ ቆዳ ላይ ምንም ቅጠል አይታሽ።

ከለምጽ፣ ከሥጋ ደዌና ከአልቢኖነት በምን ይለያል?

ለምጽ ቀለሙን ብቻ አጥቶ የነጣ፣ ድንበሩ የሚለይ ቆዳ ነው፤ ነጠብጣብ የለውም። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ ይመጣል፤ የነጣው ቦታ ሲነካ ስሜት አይኖረውም፤ በመድኃኒትም ይድናል። አልቢኖ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ይነጣል። ኤክስፒ ያለበት ልጅ ግን ሲወለድ ከወንድሞቹ የሚለይበት ነገር የለም፤ ለውጡ የሚመጣው ፀሐይ ካገኘው በኋላ ነው። አልቢኖ ልጅም ጥላ እንደሚያስፈልገው ግን አትርሱ።

ይተላለፋል? ወይስ እርግማን ነው?

አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጁን መሳም፣ በእሱ ፎጣ መጠቀም ለማንም ምንም አያመጣም።

እርግማንም፣ ቡዳም፣ የእናትየው ጥፋትም አይደለም። እርጉዝ ሳለች ፀሐይ ላይ ስለዋለች የመጣ አይደለም። ይህን ጠንከር አድርጌ የምጽፈው ወቀሳው ሁልጊዜ እናት ላይ ስለሚያርፍ ነው። ነውር ተብሎ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ይህ ልጅ መደበቅ ያለበት ከፀሐይ ነው፣ ከሰው አይደለም። ማታ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ አብሮ ይቀመጥ፤ ከእኩዮቹም ጋር ይጫወት።

እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ታዲያ እንዴት የዘር በሽታ መጣብን?

ጎጃም ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሁላችንም እያንዳንዱን ዘረ መል፣ ማለትም የዲኤንኤውን መመሪያ ቁራጭ፣ በጥንድ እንይዛለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ኤክስፒ የሚመጣው ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ብቻ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ጤነኛ ነው፤ ተሸካሚ እንለዋለን። ያርሳል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ምንም አይሆንም። እሱም አያውቅም፣ አባቱም አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለው ብልሽት ትውልድ ከትውልድ ድምፁን ሳያሰማ ይሻገራል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ነው የሚወጣው፤ ያኔ የሚወለደው ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ እንዲህ ያለ በሽታ እንዳይበዛ በእውነት ያግዛል። አጎት ልጅ ከአጎት ልጅ በሚጋባባቸው አገሮች ኤክስፒ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ስምንተኛው ቤት፣ አሥረኛው ቤት ላይ የጋራ አያት ሊኖር ይችላል። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎችም ያው አንድ ዓይነት ዘረ መል ተበላሽቶባቸው ሊገናኙ ይችላሉ። ከበሽታው ጋር የተያያዙት ዘረ መሎች ስምንት ናቸው፤ ባልና ሚስት የሚይዙት ብልሽት እዚያው ዘረ መል ላይ ሲሆን ነው ልጁ የሚታመመው። ስለዚህ ዘመድ ሳትቆጥሩ ተጋብታችኋል ብሎ ማንም ሊወቅሳችሁ አይችልም።

አንዱ ልጃችን ታሟል። ከአራት አንድ ካሉን ቀጣዮቹ ሦስቱ ጤነኛ ይሆናሉ ማለት ነው?

አይደለም። ከአራት አንድ የሚባለው ዕድል በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ልጅ መታመሙ ለሁለተኛው ዋስትና አይሰጥም። ሁለት ልጅ በተከታታይ ሊታመም ይችላል፤ አምስት ወልደው አንድም የማይታመምባቸውም አሉ። ሌላ ልጅ ከተወለደ የሚሻለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፀሐይ መጠበቅና ቶሎ ማስመርመር ነው።

እኛ ደጋ ነን፣ ብርድ ነው። የሚጎዳው የቆላ ፀሐይ አይደለም?

የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። ጨረሩ አይታይም፣ አይሞቅም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚያስቀረው አየር ስለሚሳሳ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አባይ በረሃ ያቃጥላል፣ ጮቄ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ግን ለዚህ ልጅ የባሰው ጮቄ ነው።

ክረምቱም አያስተማምንም። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ በአናታችን ታልፋለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ። ነሐሴ ዳመና ነው፣ ሰው ፀሐይ የለም ብሎ ይወጣል። ስስ ዳመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ጨረሩ በጣም የሚከፋው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለኤክስፒ ልጅ ግን ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ያለው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቆዳችን ጠይም ነው፣ እሱ አይከላከልም?

ጥቂት ይከላከላል። የጎደለው ግን ጥገናው ስለሆነ የቆዳ ቀለም ያንን አይተካም። ጠይም ልጆችም ላይ ካንሰሩ ይመጣል።

ምን እናልብሰው?

በቤት ካለው ጀምሩ። ነጠላውን ወደ መስኮት ከፍ አድርጉና እጃችሁን ከጀርባው አስገቡ። ጣታችሁ ከታያችሁ ጨረሩም ያልፋል ማለት ነው። ነጠላ ብቻውን ስለማይበቃ ድርብ አድርጉት። ጋቢ ግን ጥቅጥቅ ስላለ ጥሩ ጥላ ነው። ማንኛውንም ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት በዚሁ መንገድ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ፈትኑት። ጠቆር ያለ ቀለም ይሻላል፤ የረጠበ ስስ ልብስ ደግሞ ጨረሩን የበለጠ ያሳልፋል።

ኬፕ ጆሮንና አንገትን ስለማይሸፍን ዙሪያውን ሰፊ የሆነ ባርኔጣ አድርጉለት። ረጅም እጅጌ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ጎኑ የተሸፈነ የፀሐይ መነጽርም ያስፈልጋል። ጃንጥላ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጨረሩ ከመሬትና ከውኃ ነጥሮ ከሥር ስለሚመጣ ልብሱን አይተካም። ሰንስክሪን፣ ማለትም ፀሐይ የሚከላከል ቅባት፣ ከተገኘ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (ኤስፒኤፍ) 50 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፤ ጆሮ፣ ከንፈርና የአንገት ጀርባ አይዘለሉ። ውድ ነው፣ እናውቃለን። አቅም ካነሰ ልብሱን አስቀድሙና ሰንስክሪኑን ልብስ ለማይሸፍነው ፊትና እጅ አቆዩት። ቅቤና ቫዝሊን ጨረር አይከላከሉም።

ቤት ውስጥ ካለ አይበቃም?

መስታወት ሁሉንም ጨረር አያስቀርም። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፤ የልጁን መኝታም ከበርና ከመስኮት አርቁት። የኤልኢዲ አምፖልና የሶላር መብራት ችግር የላቸውም። ፍሎረሰንትና ሃሎጅን መብራት ጥቂት ጨረር ስላላቸው ቅርብ ባይሆኑ ይሻላል። ብየዳ ቤት አጠገብ ግን ፈጽሞ አይቁም፤ የብየዳ ብርሃን ከፀሐይ የማይተናነስ ጨረር አለው። ሲጋራም ቤት ውስጥ አይጨስ፤ የጭሱን ጉዳት የሚያክመው ይኸው የጎደለው ጥገና ነው።

ትምህርት ቤትስ?

ይማር። ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የሐኪም ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሜዳ ላይ እንዳይቆም፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ሥር እንዲሆንለት፣ ከመስኮት ርቆ እንዲቀመጥ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ባርኔጣ ማውለቅ ደንብ ከሆነ ለእሱ እንዲፈቀድለት አስረዱ። ጓደኞቹ እንዳይሸሹት መምህሩ ለክፍሉ በግልጽ ቢነግራቸው ከእናንተ ምክር ይልቅ ይሠራል። እረኝነትና ውኃ መቅዳት ግን ለወንድሞቹ ይተላለፍ።

አብነት ትምህርት ቤት ይግባ ወይ የሚሉም አሉ። ትምህርቱ አይከለክለውም፤ የሚጎዳው በጠራራ ፀሐይ በየደጁ መዞሩ ነው። ስንቁን ቤተሰብ ከቻለለትና የኔታ ካወቁለት ቅኔውን ይቁጠር። ሌሊት ማህሌት መቆም፣ የፋሲካን ሌሊት ቅዳሴ ማስቀደስም ለእሱ የተመቸ ነው።

ፀሐይ ካላገኘው አጥንቱ አይለሰልስም?

ሥጋቱ ትክክል ነው። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ እጥረቱም አጥንት ያለሰልሳል። መፍትሔው ግን ፀሐይ ሳይሆን በጠብታ ወይም በክኒን የሚሰጠው ቫይታሚን ዲ ነው። መጠኑን ሐኪም ይወስናል። እንቁላልና ዓሣም ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። «ሕፃን ፀሐይ ይሙቅ» የሚለው የጤና ባለሙያ ምክር ለጤነኛ ሕፃን እውነት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን አይሠራም። ባለሙያው ቢደግመውም በትሕትና አስረዱት።

ፀበል ብንወስደውስ?

ውሰዱት። እምነታችሁን ማንም አይከለክላችሁም። አደጋው ፀበሉ ላይ ሳይሆን መንገዱና ሰልፉ ላይ ነው። ሰከላ ግሽ አባይም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ሌሊት ተነሱ፤ ሳይነጋ ይጠመቅና ጥላ ይግባ። እርጥብ ልብሱን ወዲያው ቀይሩለት። እዚያ ከሰነበታችሁ ቀኑን ጎጆ ውስጥ ይዋል። የሐኪም ቀጠሮውንም አታሳልፉ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ካንሰር የግድ ይይዘዋል?

ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ አዎ፣ በጣም ቶሎ። ከ20 ዓመት በታች ያሉ የኤክስፒ ሕመምተኞች በተለመዱት የቆዳ ካንሰሮች የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 10,000 ጊዜ፣ ሜላኖማ በሚባለው ደግሞ 2,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። የመጀመሪያው ካንሰር የሚወጣበት ዕድሜ መካከለኛው 9 ዓመት ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን የሚናገረው በአብዛኛው ዘግይተው ስለታወቁ ልጆች ነው። በሽታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥላ ያደጉት ግን እጅግ ያነሰ ዕጢ ይወጣባቸዋል።

በወር አንድ ጊዜ፣ ማታ በጥሩ መብራት፣ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እዩት። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የሚያድግ እብጠት፣ የሚደማ ነጥብ፣ ቀለሙ የተቀየረ ነጠብጣብ ትፈልጋላችሁ። የዓይን ቆብ፣ ከንፈርና የምላስ ጫፍ አይረሱ። ትንሽ ሳለ ተቆርጦ ከወጣ ወይም በቅዝቃዜና በቅባት ከታከመ ይድናል። አደራ የምላችሁ ግን በመድኃኒት ቅጠል እንዳታስቆስሉት ነው። ላዩ ተቃጥሎ ይረግፍና የዳነ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ወደ ውስጥ ያድጋል።

መስማት እየቀነሰበት፣ ሲራመድም እየወደቀ ነው። ይህም ከዚሁ ነው?

ሊሆን ይችላል። ከአራት ሕመምተኞች አንዱ ገደማ ላይ ነርቭም ይጎዳል፤ መስማት ይቀንሳል፣ እርምጃ ይዛባል፣ ትምህርት ይከብዳል። ይህን ፀሐይ መከላከል አያቆመውም። ጆሮውን ግን በየጊዜው አስመርምሩ፤ ሰነፍ ነው የተባለው ልጅ የማይሰማ ሆኖ ይገኛልና።

አሜሪካ ውስጥ ከ1971 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎች የሞቱበት መካከለኛ ዕድሜ 29፣ ነርቫቸው ያልተጎዳ 37 መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ብዙ ዘልቀው የኖሩም አሉ።

የት እንሂድ?

ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ያለ ሪፈር ወጪው በእናንተ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ የቆዳ ሐኪም ጠይቁ። አዲስ አበባ ደግሞ አለርት ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሐኪሙ በአብዛኛው የሚለየው ቆዳውን በማየትና ታሪኩን በመስማት ነው፤ የትኛው ዘረ መል እንደተበላሸ የሚታወቀው ግን በዘረ መል ምርመራ ነው። የዓይን ሐኪምም ይየው።

ጉዞው ራሱ ልጁን እንዳይጎዳው ተጠንቀቁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የቀን መንገድ ነው። ፀሐይ በማይመታው ጎን አስቀምጡት፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርዱ፣ መነጽሩንና ጓንቱን መኪና ውስጥ አታውልቁለት። ከቆዳው ፎቶ ደግሞ ውኃ በቋጠረ ሰሞን አንሱና ያዙ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ድኖ ሊሆን ይችላል።

ታላቅ ወንድሙ ሊያገባ ነው። ለልጅቷ ቤተሰብ መንገር አለብን?

እኔ ንገሩ ባይ ነኝ፤ ከሽማግሌው በፊት ግን ለልጅቷ ለራሷ፣ በሚያገባው ወንድም አፍ። ጤነኛ የሆነ ወንድም ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው። ተሸካሚ ቢሆን እንኳ ልጁ የሚታመመው ሚስቱም በዚያው ዘረ መል ላይ ብልሽት ከያዘች ብቻ ነው። በሽታው ከሚሊዮን አንድ በሚሆንበት አገር ተሸካሚው ከ500 ሰው አንድ ገደማ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ለዚህ ጥንድ የሚመጣው ዕድል ከ3,000 አንድ ያህል ይሆናል። ይህ ሰርግ የሚያስቀር ቁጥር አይደለም። የራሱ የአጎት ልጅ ብትሆን ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ለዚህ ቤተሰብ ሰባት ቤት መቁጠሩ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል።

የታመመው ልጅ ራሱ አድጎ ቢያገባ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ የሚታመሙት ግን እናታቸውም በዚያው ዘረ መል ላይ ብልሽት ከያዘች ብቻ ነው። ስለዚህ እሱም ማግባት ይችላል። ሰርጉን ማታ አድርጉለት።